የትንሽ ከተማ ፖስታ ቤት ሰዓቱ ሳይመች ሲቀር፦ ጉዳይን በአንድ ጉዞ የመጨረሻ ዘዴ

ከወረዳ ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው የፖስታ ትልቁ ወጪ የቴምብር ዋጋ አይደለም። ሥራ አስፈትቶ፣ የመኪና አስከፍሎ፣ በመጨረሻ በተቆለፈ በር ፊት የሚያቆመው ጉዞ ነው ትልቁ ወጪ። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው በየቤቱ አይታደልም፤ ከፖስታ ሳጥን ወይም ከመስኮት ይወሰዳል። ስለዚህ የፖስታ ቤቱ ሰዓት ካልተመቸ ደብዳቤው ደርሶም አልደረሰም ማለት ነው። ፓስፖርትና የፋይዳ ካርድ በፖስታ በኩል መድረስ ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ደብዳቤ የሚጻጻፉ ሰዎች ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሩ ላይ የተለጠፈውን ሰዓት ብቻ አይቶ ሲሄድ ነው። በትንሽ ከተማ ከዚያ የበለጠ የሚወስኑ ሦስት ሰዓቶች አሉ፦ የፖስታ ከረጢቱ የሚገባበት፣ የሚወጣው ከረጢት የሚታሰርበት፣ ሠራተኛው በእርግጥ መስኮቱ ላይ የሚገኝበት። እነዚህን ሦስቱን ያወቀ ሰው መሥሪያ ቤቱ በቀን አራት ሰዓት ብቻ ቢከፈት እንኳ ጉዳዩን በአንድ ጉዞ ይጨርሳል።

መጀመሪያ ሰዓቱን ማጣራት

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መደበኛ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ2፡30 እስከ 6፡30 እና ከ7፡30 እስከ 11፡30 ነው። ዓርብ ጠዋት ለጁምዓ ሶላት ሲባል 5፡30 ላይ ተዘግቶ 7፡30 ይከፈታል። በድምሩ በሳምንት 39 ሰዓት ይሆናል። ብዙ ፖስታ ቤቶች ከዚህ ብዙም አይርቁም፤ ቅዳሜ ጠዋት የሚሠሩም አሉ። በቆላ አካባቢ ግን ጠዋት ቀደም ብሎ ተከፍቶ የቀትሩ እረፍት ይረዝማል። በሱቅ ወይም በሌላ ሥራ ውስጥ ሆነው በወኪልነት የሚሠሩ ደግሞ የራሳቸው ሰዓት አላቸው።

ዓርብን በተለይ ይጠንቀቁ። ከገጠር የሚነሳው የመጀመሪያ መኪና ከተማ የሚደርሰው 5 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ዓርብ ጠዋት የሚቀርዎት ግማሽ ሰዓት ነው። ወረፋ ካለ አይበቃም፤ ከሰዓት ቢጠብቁ ደግሞ የመመለሻ መኪና ሊያመልጥዎት ይችላል። ምርጫ ካለዎት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሂዱ። ሰኞ የቅዳሜና የእሑዱ ክምችት አለ። የገበያ ቀን ከሆነም መኪናው በቀላሉ ይገኛል እንጂ መስኮቱ ላይ ሰው ይበዛል።

በዓላትን ቆጥረው ይነሱ። መስከረም 1፣ መስከረም 17፣ ገና፣ ጥር 11፣ የካቲት 23፣ ስቅለትና ፋሲካ፣ ሚያዝያ 23፣ ሚያዝያ 27 በቀን መቁጠሪያው ላይ ያሉ ናቸው። ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ግን በጨረቃ ስለሚወሰኑ ቀናቸው ይለዋወጣል፤ የኢድ አል ፈጥር ቁርጡ የሚታወቀው ዋዜማው ላይ ሊሆን ይችላል። በበዓል ማግስት መሄድም አይመከርም፤ የሁለት ጊዜ ከረጢት በአንድ ቀን ተደርቦ ይለያልና። የሰኔ የመጨረሻ ቀናትም የበጀት ዓመት መዝጊያ በመሆናቸው ሠራተኛው ከሂሳብና ከቆጠራ ጋር ይያዛል።

ከሁሉ በፊት ግን ስልክ ይደውሉ። ብዙ ትንንሽ ፖስታ ቤቶች በአንድ ሰው ነው የሚሠሩት። ያ አንድ ሰው ባንክ ገንዘብ ለማስገባት፣ ከአውቶቡስ ተራ ከረጢት ለመቀበል ወይም ለስብሰባ ሲወጣ በሩን ቆልፎ ነው የሚሄደው። «ክፍት ነው ወይ?» ብለው ቢጠይቁ «አዎ» ይባላሉ፤ እውነት ነው፣ ግን አይጠቅምዎትም። አጠያየቁ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ፖስታ ቤት ነው?»

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ከገጠር ቀበሌ ነው የምደውለው። የአደራ ደብዳቤ መላክ ፈልጌ ነበር። ነገ ከረጢት ይወጣል?»

«ነገ አይወጣም፣ ሐሙስ ነው። ሐሙስ 4 ሰዓት ላይ ይታሰራል።»

«እርስዎ ሐሙስ ጠዋት ይኖራሉ?»

«ከ2፡30 ጀምሮ አለሁ። ብቻ ድንገት ስብሰባ እንዳይኖር ረቡዕ ማታ ይደውሉልኝ።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኔትወርክስ ሰሞኑን እንዴት ነው?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ አይርሱ። ኢኤምኤስም (ፈጣን የፖስታ መልእክት) ሆነ ሌላ በኮምፒዩተር የሚመዘገብ አገልግሎት መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ይቆማል። መስኮቱ ክፍት ሆኖ፣ ሠራተኛዋም ተቀምጣ ጉዳይዎ ሳይፈጸም የሚመለሱት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የሠራተኛውን ስልክ ሲቀበሉም በሥራ ሰዓት ብቻ እንደሚደውሉ ይንገሯቸው፤ ያለ ሰዓቱ የሚደወልለት ሰው ቶሎ ማንሳት ይተዋል።

የፖስታ ሳጥን፦ ቁልፉ የሚጠቅመው የት ሲሆን ነው

የራስ ሳጥን ቁጥር መከራየት ሰዓቱን ያስቀራል ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። ይህ የሚሆነው የሳጥኖቹ በር ወደ ውጭ ወይም ሁልጊዜ ወደሚከፈት በረንዳ ሲዞር ብቻ ነው። ሳጥኖቹ ከአዳራሹ ውስጥ ከሆኑ ቁልፍ ቢይዙም የሚገቡት መሥሪያ ቤቱ ሲከፈት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሳጥኑ የት ነው ያለው? ኪራዩ በየስንት ጊዜ ይታደሳል፣ ያለፈበትስ ምን ይሆናል? ቁልፍ ቢጠፋ ስንት ያስከፍላል? የማሳደሻውን ቀን ከደረሰኙ ላይ ገልብጠው ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ያድርጉ፤ ኪራዩ ያለፈበት ሳጥን ሲዘጋ የሚመጣው ደብዳቤ ወደ ላኪው ሊመለስ ይችላል።

ሳጥን ያለውም ቢሆን የአደራ ደብዳቤና ጥቅል ሳጥኑ ውስጥ አያገኝም። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው የጥሪ ወረቀት ነው፤ ዕቃው በፊርማ ከመስኮት ይወሰዳል።

በገጠር ከራስ ሳጥን የሚሻለው ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ሳጥን ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ቤተ ክርስቲያን ፖስታውን የሚያመላልስ ሰው ስላለው ለእርስዎ ተብሎ የተለየ ጉዞ አያስፈልግም። አድራሻው እንዲህ ይጻፋል፦ በመጀመሪያው መስመር የተቀባዩ ሙሉ ስም፣ በሁለተኛው «በ… 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኩል»፣ በሦስተኛው ፖ.ሣ.ቁ.፣ በአራተኛው የከተማው ስም፣ ከውጭ የሚላክ ከሆነ በመጨረሻ ኢትዮጵያ። «በኩል» የምትለዋ ቃል ከተዘለለች ደብዳቤው ለመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ መስሎ ጸሐፊዋ ጋ ሊከፈት ይችላል። የኃላፊውን ፈቃድ አስቀድመው ያግኙ፣ ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሳጥኑን ማን እንደሚከፍት ይጠይቁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የመጣ ደብዳቤ እስከ መስከረም ሳጥን ውስጥ የሚያድረው ይህ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ስም፣ መታወቂያና ውክልና

በሰዓቱ ደርሰው፣ ሠራተኛው ተገኝተው፣ ዕቃውም መጥቶ ሳለ ባዶ እጅዎን ከሚመልሱ ምክንያቶች ዋናው የስም አለመመሳሰል ነው። ውጭ ያለችው ልጅ ጥቅሉ ላይ የቤት ስም ትጽፋለች፤ መታወቂያው ላይ ያለው የመዝገብ ስም ነው። ወይም ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ መታወቂያው ላይ ካለው በሁለትና በሦስት ፊደል ይለያል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የመታወቂያውን ፎቶ ለላኪው ይላኩለት፣ ስሙን ከፎቶው ላይ ቃል በቃል ይገልብጥ፣ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይኑር። ከስሙ ሥር የተቀባዩ ስልክ ይጻፍ። ትንሽ ከተማ ያለ ሠራተኛ ስልክ ካገኘ ይደውላል፤ ካላገኘ ወረቀቱ ሳጥን ወይም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

ራስዎ መሄድ ካልቻሉ ሌላ ሰው ይላኩ፤ ግን አሟልተው ይላኩ። ለተራ ደብዳቤ በሚያውቁዎት ከተማ ቃል ብቻ ሊበቃ ይችላል። ለአደራ ደብዳቤና ለጥቅል የሚከተሉትን አስይዙት፦

1. የጥሪ ወረቀቱ ዋናው። ከቤት ሲወጣ ፎቶውን አንስተው እርስዎ ጋ ያስቀሩ።
2. የእርስዎ መታወቂያ ዋናውና ኮፒው። ኮፒ ቤት የሌለበት ከተማ ከሆነ ኮፒው ከቤት ይሂድ።
3. የተላከው ሰው የራሱ መታወቂያ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ያላለፈበት።
4. በእርስዎ የተፈረመ አጭር ደብዳቤ፤ የዕቃው ቁጥር፣ የተላከው ሰው ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ ቀን።
5. ለክፍያ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ፣ ዝርዝር ብር ጭምር። ቴሌብር ይቀበሉ እንደሆነ በስልክ ካላረጋገጡ በእሱ አይተማመኑ።

ደብዳቤው እንዲህ ቢባል በቂ ነው፦ «እኔ … በስሜ የመጣውን ቁጥሩ … የሆነ የአደራ ደብዳቤ በእኔ ምትክ አቶ … (የመታወቂያ ቁጥር …) ፈርመው እንዲረከቡልኝ ወክያለሁ።» አንዳንድ ፖስታ ቤት ግን ለውድ ዕቃ ወይም ለፓስፖርት ከዚህ አልፎ በሕግ የተረጋገጠ ውክልና ይጠይቃል፣ ጨርሶ ባለቤቱ ካልቀረበ አልሰጥም የሚልም አለ። ይህንን የሚጠይቁት ሰው ከመላክዎ በፊት ነው። ውጭ አገር ለሥራ የሄደ የቤተሰብ አባል ካለ፣ ከመሄዱ በፊት በሚሰጠው ውክልና ላይ «በስሜ የሚመጡ ደብዳቤዎችንና ጥቅሎችን እንዲረከብ» የሚል ሐረግ ማስገባት በኋላ ብዙ መንገላታት ያስቀራል።

ለመላክ ሲሄዱ፦ ሥራውን ቤት ጨርሶ መውጣት

መስኮቱ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ፖስታ ሲታሸግ፣ አድራሻ ሲጻፍ፣ ቅጽ ሲሞላ ነው። ይህን ሁሉ ቤት መሥራት ይቻላል።

ተራ ደብዳቤ የመጀመሪያው የክብደት እርከን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 20 ግራም ነው። የተለመደው ባለ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት አንዱ 5 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ሦስት ወረቀት ከአንድ ቀጭን ፖስታ ጋር 20 ግራም አካባቢ ነው፣ አራተኛው ሲጨመር ይዘላል። ይህን ካወቁ ደብዳቤውን ሳያስመዝኑ ቴምብሩን ያውቁታል። አንድ ጊዜ ሲሄዱ የአገር ውስጡንም የውጭውንም ዋጋ ጠይቀው የሚበቃዎትን ቴምብር ገዝተው ይመለሱ። ቴምብር የተለጠፈበትን ተራ ደብዳቤ ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው መክተቻ በማንኛውም ሰዓት ማስገባት ይቻላል። የከተማ መኪና ለሚነዳ ሰው ሰጥተው ማስከተትም ይችላሉ። ዋጋ ከተለወጠ ግን ቴምብሩ ያንሳል፣ ደብዳቤውም ሊመለስ ወይም ተቀባዩን ሊያስከፍል ይችላል፤ ስለዚህ በደወሉ ቁጥር ዋጋው እንዳለ መሆኑን ይጠይቁ።

የትምህርት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የሥራ ማመልከቻ በመክተቻ አይገባም። እነዚህ በአደራ ወይም በኢኤምኤስ ይላካሉ፣ ደረሰኝ ይያዝባቸዋል። ማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ካለው፣ የሚቆጠረው በማኅተሙ ላይ ያለው የተላከበት ቀን ነው ወይስ የደረሰበት ቀን? ማስታወቂያው ላይ ይህ ካልተጻፈ የደረሰበት ነው ብለው ያስቡ። ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ፦ ከረጢቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሆነ የሚወጣው፣ በአንዱ ካመለጠዎት ሦስት ወይም አራት ቀን ይጠፋል። ሠራተኛው ደረሰኝ ሲሰጡዎት ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን እዚያው ሆነው ያንብቡ። ማኅተሙ የትናንቱ ቀን ላይ ሆኖ ቢገኝ ለማስተካከል ያኔ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ቤት ከደረሱ በኋላ ግን ሌላ ጉዞ ነው።

ጥቅል ከሆነ ጨርሰው አያሽጉት። ይዘቱ በመስኮቱ ሲታይ ተፈትቶ እንደገና ይታሸጋልና ሙሉ ሰዓትዎ በዚያ ያልቃል። ካርቶኑን በሦስት ወገን አሽገው አንዱን ክፍት ይተዉ፣ ፕላስተርና መቀስ ይያዙ። በርበሬና ሽሮ ከሆነ በሁለት ላስቲክ አድርገው ላስቲኩን በተናጠል ያስሩ፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይይዛል። ወደ ውጭ የሚላክ አነስተኛ ጥቅል ጣሪያው 2 ኪሎ ነው፣ ከዚያ በላይ በሌላ ታሪፍ ይሄዳል። ስለዚህ ቤት ወይም ገበያ ላይ አስመዝነው 1 ኪሎ ከ900 ግራም አካባቢ ላይ ቢያቆሙት ለካርቶኑና ለፕላስተሩ ቦታ ይተርፋል። ጥሬ ገንዘብ፣ ሽቶ፣ በግፊት የታመቀ የሚረጭ ነገር ያለበት ቆርቆሮ፣ ለብቻው ያለ የስልክ ባትሪ አይጨምሩ።

ከውጭ የተላከ ዕቃ፦ ሳይደርስ አይሂዱ

ከውጭ የሚላክ የተመዘገበ ዕቃ ሁሉ 13 ምልክት ያለው ቁጥር አለው፦ ሁለት የላቲን ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ በመጨረሻ የላኪውን አገር የሚያሳዩ ሁለት ፊደላት። በ«አር» (R) የሚጀምረው የአደራ፣ በ«ኢ» (E) የሚጀምረው ኢኤምኤስ፣ በ«ሲ» (C) የሚጀምረው ጥቅል ነው። ቁጥሩ በስልክ ሲነበብ አንድ አኃዝ ይዛነፍና ፖስታ ቤቱ «እንዲህ ያለ ነገር አልመጣም» ይላል። ከመሄድዎ በፊት ቁጥሩ ትክክል መሆኑን በወረቀትና በእርሳስ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ዘጠነኛው አኃዝ የስምንቱ መፈተኛ ነውና።

ስምንቱን አኃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9፣ በ7 ያባዙ፣ ውጤቶቹን ይደምሩ፣ ድምሩን ለ11 አካፍለው ቀሪውን ከ11 ይቀንሱ። የሚገኘው ዘጠነኛው አኃዝ ነው። 10 ከመጣ 0፣ 11 ከመጣ 5 ይሆናል። ለምሳሌ 473124829ን እንውሰድ፦ 32 + 42 + 12 + 2 + 6 + 20 + 72 + 14 = 200። 200 ለ11 ሲካፈል ቀሪው 2 ነው፤ ይህን ከ11 ስንቀንስ 9 ይሆናል። የመጨረሻው አኃዝም 9 ነው፣ ቁጥሩ በትክክል ተጽፏል። ካልገጠመ ላኪው ከደረሰኙ ላይ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ።

ቁጥሩን በኢንተርኔት ሲከታተሉ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚታየው፦ 08:30 የሚለው በእኛ ጠዋት 2፡30፣ 14:15 የሚለው ከሰዓት 8፡15 ነው። ቀኑም እንዲሁ፤ 05/10 አሜሪካ የተጻፈ ከሆነ ሜይ 10፣ ሌላ ቦታ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኦክቶበር 5 ነው። «ኢትዮጵያ ገብቷል» የሚለው አዲስ አበባ ደርሷል ማለት እንጂ የእርስዎ ከተማ ደርሷል ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ጉምሩክ አለ። ላኪው ጥቅሉ ላይ በሚለጥፈው የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ «ስጦታ» ብቻ ብሎ ካለፈ ተቀባዩ ይጠራል፤ «2 ሸሚዝ፣ 1 የልጅ ጫማ»፣ ከእያንዳንዱ ጎን ዋጋው ተብሎ ከተዘረዘረ ሥራው ይፈጥናል። ጥሪ ሲመጣ ቀረጡ የሚከፈለው በእርስዎ ከተማ ነው ወይስ በሌላ ከተማ ብለው ይጠይቁ፣ መልሱ ጉዞውን ራሱን ይቀይረዋል። የማቆያ ክፍያ መቼ እንደሚጀምርና ዕቃው ወደ ላኪው የሚመለስበትን የመጨረሻ ቀን በጥሪ ወረቀቱ ጀርባ ያጽፉ።

ደርሰው ዝግ ሆኖ ቢያገኙት

መጀመሪያ ይደውሉ። ካልተነሳ አጠገብ ያለውን ሱቅ ወይም ሻይ ቤት ይጠይቁ፤ ሠራተኛው አውቶቡስ ተራ ናቸው ወይስ ለቀኑ ሄደዋል የሚለውን ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ከረጢት ለመቀበል ከሄዱ መጠበቅ ያዋጣል። ስብሰባ ከሆነ ከምሳ በፊት አይጠብቋቸው። የሚመለሱ ከሆነ ስምዎን፣ ስልክዎን፣ የዕቃውን ቁጥርና የመጡበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት ጽፈው በበሩ ሥር ወይም በመክተቻው ያስገቡ። የጥሪ ወረቀቱን ዋና ግን እንዳይተዉ፣ ለማንም እንዳይሰጡ። የማቆያ ክፍያ ቢመጣ «በዚህ ቀን መጥቼ ነበር» ለማለት ቀኑ የሚታይበት የዝግ በር ፎቶ ይጠቅማል።

ሰዓቱ ራሱ እንዲስተካከል መጠየቅ

ይህ የሚሳካው ቅሬታ ብቻ ሳይሆን ሐሳብ ይዞ ለሚቀርብ ነው። በአንድ ሰው የሚሠራ ፖስታ ቤት ተጨማሪ ሰዓት ክፈት ቢባል የሚያመጣው ሰው የለውም፤ ሰዓት አዛውር ቢባል ግን ይችላል። በዕድር ወይም በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ደብተር ይከፈትና ለአንድ ወር ሄዶ ዝግ ያገኘ ሁሉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሄደበትን ጉዳይና የከፈለውን የመኪና ዋጋ ያስመዝግብ። በወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍ። ስለ ሠራተኛው ጠባይ አንድም ቃል አይግባበት፤ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ደጋፊ ካልሆኑ ነገሩ አይራመድም፣ ስለዚህ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ለእነሱ ይነበብላቸው። ጥያቄው አንድና የተወሰነ ይሁን፦ «የገበያ ቀን ቅዳሜ ስለሆነ ቅዳሜ ከ2፡30 እስከ 6፡30 እንዲከፈት፣ በምትኩ ጉዳይ በሚያንስበት በ… ከሰዓት እንዲዘጋ እንጠይቃለን።» የደብተሩ ቅጂ፣ የነዋሪዎች ፊርማና የቀበሌው ማኅተም ይያያዝ። ዋናው ለበላይ ኃላፊው የዞን ወይም የክልል ፖስታ ቤት፣ ግልባጩ ለወረዳው አስተዳደር ይሂድ። ራሱ ደብዳቤው በአደራ ይላክና ደረሰኙ ደብተሩ ላይ ይለጠፍ፤ መልስ ሲዘገይ የሚጠቀሰው ቁጥር እሱ ነው።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ በተራ መሄድን መጀመር ይቻላል። በየሳምንቱ ከረጢት በሚገባበት ማግስት አንድ ሰው ለሁሉም ይሄዳል፣ የመኪናውን ተካፍለው ይከፍሉለታል። ማን ምን እንዳስያዘው በደብተር ይመዘገባል፣ ሲመለስ እያንዳንዱ ፈርሞ ይረከባል። የሚሄዱት ሰዎች ከሦስት ባይበልጡ ይመረጣል፤ ሠራተኛው ፊታቸውን ሲለምዱ የመታወቂያው ምርመራም ይቀላል። ሰዎቹ ሲቀየሩ ደግሞ አዲሱ ሰው ከቀድሞው ጋር አንድ ጊዜ አብሮ ሄዶ ይተዋወቅ።